የደባርቅ ሆቴሎችና የእንግዳው ስልክ፡ ከቴሌቪዥኑ በፊት መስመሩ ይታሰብ

ከሰሜን ተራሮች ወርዶ ደባርቅ የሚያድር እንግዳ ፍላጎቱ ብዙ አይደለም፡፡ ሙቅ ውኃ፣ ትኩስ እራት፣ ወፈር ያለ ብርድ ልብስና ስልኩን የሚሰካበት ሶኬት ይጠይቃል፡፡ እነዚህ ከተሟሉለት በኋላ ግን ጋደም ብሎ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ ሲዞር ያነሳቸውን የጭላዳና የዋልያ ፎቶዎች በሰፊ ስክሪን ማየት ያምረዋል፡፡ ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ፎቶውና ፊልሙ ስልኩ ውስጥ ነው፡፡ ሁለቱን ያለ ሽቦ የሚያገናኘው አገልግሎት በዓለም የሆቴል ገበያ «ካስት ማድረግ» ይባላል፡፡

በደባርቅና በዳባት ሆቴል ለሠራ ወይም ለመሥራት ለሚያስብ ባለሀብት ጥያቄው ቀላል ነው፡፡ በዚህ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ተመልሶ ይመጣል ወይ? መልሱ የሚወሰነው በሚገዛው ዕቃ ዓይነትና በግዥው ቅደም ተከተል ነው፡፡

እንግዳው ማን ነው?

ደባርቅ ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት፡፡ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ከገባ በኋላ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጥቷል፡፡ ይሁንና ለአካባቢው ሆቴሎች የምሥራቹ ብዙ አልዘለቀም፡፡ በመጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የተጀመረው ጦርነት፣ ከነሐሴ 2023 ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተፈጠረው ግጭት የውጭ አገር ጎብኚውን አራቀው፡፡

በዚህ ሁሉ መካከል አልጋ የያዘው እንግዳ ሌላ ነው፡፡ ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት፡፡ በዳባት አቅራቢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው የአለምዋጭ የስደተኞች መጠለያ ይገኛል፡፡ ስለዚህ ለስብሰባ የሚመጣ ሠራተኛ፣ መምህር፣ የዕርዳታ ድርጅት ባልደረባና ነጋዴ የዚህ ገበያ ደንበኞች ናቸው፡፡ ጎብኚው አንድ ሌሊት አድሮ ወደ ተራራው ሲያቀና፣ እነዚህ ግን ሳምንት ሊቆዩ ይችላሉ፡፡ ሳምንት የሚቆይ ሰው ደግሞ ዲሹ የሚያመጣለትን ብቻ እያየ ማምሸት ይሰለቸዋል፤ የራሱን ፊልም፣ የራሱን መዝሙር፣ የቤተሰቡን የሠርግ ቪዲዮ ማየት ይፈልጋል፡፡

ሦስት መንገዶች

ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት አሠራሮች አሉ፤ ገዥው ልዩነታቸውን ካላወቀ ይሳሳታል፡፡

የመጀመሪያው ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 በ35 ዶላር ያስተዋወቀው የክሮምካስት አሠራር ነው፡፡ በዚህ አሠራር ስልኩ የሚሰጠው ትእዛዝ ብቻ ነው፡፡ እንግዳው ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ቪዲዮውን ከኢንተርኔት የሚያወርደው ቴሌቪዥኑ ላይ የተሰካው መሣሪያ ነው፡፡ ስለዚህ ጭነቱ በሙሉ የሚያርፈው በሆቴሉ መስመር ላይ ነው፡፡

ሁለተኛው የአፕል ኤርፕሌይ ሲሆን ለአይፎንና ለአይፓድ ባለቤቶች የሚሆን ነው፡፡ አፕል እ.ኤ.አ. በ2024 በተወሰኑ የአይ ኤች ጂ ሆቴሎች ባስጀመረው አገልግሎት፣ እንግዳው ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየውን ኪውአር ኮድ በስልኩ ካሜራ አንስቶ ከዚያው ክፍል ቴሌቪዥን ጋር ብቻ ይገናኛል፡፡

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሚራካስት ነው፡፡ ይህ የስልኩን ስክሪን እንዳለ ወደ ቴሌቪዥኑ ያንጸባርቃል፡፡ ስልኩና ቴሌቪዥኑ በቀጥታ ስለሚገናኙ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፡፡ ብዙ የሳምሰንግ ስልኮችና ዘመናዊ ቴሌቪዥኖች ይህን ይዘው ይመጣሉ፡፡ ጉድለቱ ከአይፎን ጋር አለመስማማቱ ነው፤ ኔትፍሊክስን የመሰሉ አገልግሎቶችም ምስሉን ሊያጠቁሩት ይችላሉ፡፡

ሒሳቡ ሲሠራ

ኔትፍሊክስ ጥራት ላለው ምስል የሚመክረው ፍጥነት በሴኮንድ 5 ሜጋቢት ነው፡፡ ባለ 20 ክፍል ሆቴል ውስጥ ማታ አሥር እንግዶች በአንድ ጊዜ ቢያዩ 50 ሜጋቢት ይጠይቃል፡፡ በዚህ ጥራት የሚታይ ፊልም በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ስለሚፈጅ፣ አሥሩ እንግዶች ሁለት ሁለት ሰዓት ቢያዩ በአንድ ሌሊት እስከ 60 ጊጋባይት ይሄዳል፡፡ ይህን የማይችል መስመር የያዘ ባለሆቴል በየክፍሉ መሣሪያ ቢሰካ የሚያተርፈው ቅሬታ ነው፡፡ ቀድሞ ኢሜይሉን ያለ ችግር ይልክ የነበረው እንግዳ ሳይቀር «ዋይፋዩ ሞተ» እያለ ሪሴፕሽን ይመጣል፡፡

በዚህ ላይ የመቋረጥ ሥጋት አለ፡፡ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ነጋዴው ሁሉ ያስታውሰዋል፡፡ ያን ጊዜ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረተ አገልግሎት ቢኖር ኖሮ ለወራት በከንቱ ተሰቅሎ ይቀር ነበር፡፡ ሚራካስት ግን መስመር ኖረም አልኖረ ይሠራል፡፡ ከተራራ የወረደው እንግዳ ፎቶዎቹን፣ የዕርዳታ ሠራተኛውም አዲስ አበባ እያለ ስልኩ ላይ የጫነውን ቪዲዮ የሚያየው በዚሁ ነው፡፡

የዕቃው ዋጋም አብሮ ይታሰብ፡፡ ባለ 40 ዶላር መሣሪያ ለ20 ክፍል 800 ዶላር ነው፡፡ የውጭ ምንዛሪ ገበያው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ከመለቀቁ በፊት በ57 ብር ሒሳብ 45,600 ብር ይሆን ነበር፡፡ ዶላሩ 150 ብር ቢታሰብ 120,000 ብር ይደርሳል፤ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመር ማለት ነው፡፡ ስለዚህ ቴሌቪዥን ገና ያልገዛ ሆቴል ሚራካስትና የጉግል ካስት አብረውት የተሠሩለትን ቴሌቪዥን ቢመርጥ ሁለተኛ ወጪ ይቀርለታል፡፡ በዕቃው ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ አይበቃም፤ ሱቁ ውስጥ በራስ ስልክ ሞክሮ መግዛት ይበጃል፡፡

አሮጌ መሣሪያ በርካሽ አገኘሁ የሚልም ይጠንቀቅ፡፡ ጉግል ክሮምካስትን ማምረት እ.ኤ.አ. በ2024 አቁሟል፡፡ በመጋቢት 2025 ደግሞ የመሣሪያዎቹ የደህንነት ሰርተፊኬት ጊዜው በማለፉ ሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስት በዓለም ዙሪያ ለቀናት ከሥራ ውጭ ሆኖ ነበር፡፡ ኔትፍሊክስም በ2025 መጨረሻ ከስልክ ወደ አብዛኞቹ ዘመናዊ ቴሌቪዥኖች ካስት ማድረግን አስቀርቷል፡፡ በመሆኑም በር ላይ «ኔትፍሊክስ አለን» ብሎ መለጠፍ ባለሆቴሉ በማያዝበት ነገር ቃል መግባት ነው፡፡

የሰባት ቁጥር እንግዳ፣ የስምንት ቁጥር ፊልም

ሌላው ችግር የእንግዳ ምስጢር ነው፡፡ ሁሉም ክፍል በአንድ ዋይፋይ ከተገናኘ፣ ሰባት ቁጥር ያለው እንግዳ የስምንት ቁጥርን ቴሌቪዥን ስልኩ ላይ ያገኘዋል፡፡ በስህተት የአንዱ የግል ፎቶ በሌላው ግድግዳ ላይ ቢወጣ ይቅርታ ብቻ አይበቃም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ ራውተራቸው ክፍት የነበረ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ክሮምካስታቸው በሩቅ ሰርጎ ገቦች እጅ ገብቶ ያላዘዙት ቪዲዮ ታይቶባቸዋል፡፡

መፍትሔው መረቡን የሚዘረጋው ባለሙያ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው እንዲከፍለው ማድረግ ነው፡፡ እንግዶችን ከእንግዶች ጨርሶ መለየት ብቻውን አይበቃም፤ ያን ጊዜ ስልኩ የራሱን ክፍል ቴሌቪዥንም አያገኘውም፡፡ የክፍሉ ስልክና የክፍሉ ቴሌቪዥን ብቻ እንዲተያዩ ተደርጎ መሠራት አለበት፡፡ እንግዳው ቁልፍ ሲመልስም አልጋ የምታነጥፈው ሠራተኛ በቴሌቪዥኑ ላይ የተረሳ አካውንት አለመኖሩን ማየት ሥራዋ ይሁን፡፡

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፡፡ መጀመሪያ ኃይል ሲቋረጥ ራውተሩን የሚያቆይ ባትሪና በክፍል የተለየ መረብ፣ ቀጥሎ ያለ ኢንተርኔት የሚያንጸባርቅ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ መስመሩ የሚችለውን ያህል የኢንተርኔት ፊልም፡፡ አይፎን ወይም ላፕቶፕ ለያዘ እንግዳ ሪሴፕሽን ውስጥ ሁለት ሦስት የኤችዲኤምአይ ገመድ ከነማገናኛው ማስቀመጥ ከሁሉም ይረክሳል፡፡

ለሽያጭ የቀረበ ሆቴል ለሚያገናኝ ደላላና ለሚገዛ ባለሀብትም ነገሩ ያው ነው፡፡ «በየክፍሉ ስማርት ቲቪ አለው» ሲባል ስንት ሜጋቢት ገባ፣ መብራት ሲጠፋ ምን ይሠራል፣ ስምንት ቁጥር ሰባት ቁጥርን ያያል ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል፡፡ ማታ አንድ ክፍል ገብቶ በራስ ስልክ አንድ ፎቶ ግድግዳው ላይ ማውጣት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፡፡ ክፍያው ሳይፈጸም የሚደረግ ይህን መሰል ፍተሻ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፡፡