የስማርት ስልክ ገበያ መቀዛቀዝና ለሠራተኞች የሚገዛ ስልክ አመራረጥ

የዓለም የስማርት ስልክ ሽያጭ እ.ኤ.አ. በ2016 ከደረሰበት ከፍታ በኋላ ተመልሶ ወደዚያ አልወጣም። አይዲሲ የተሰኘው የገበያ ጥናት ተቋም ባወጣው ግምት መሠረት በዚያ ዓመት ወደ ገበያ የተላኩት ስልኮች 1.47 ቢሊዮን ገደማ ነበሩ። ቁጥሩ በ2018 ወደ 1.4 ቢሊዮን፣ በ2023 ደግሞ ወደ 1.17 ቢሊዮን ወረደ። በ2024 ወደ 1.24 ቢሊዮን ቢያንሰራራም ከቀድሞው ከፍታ በታች ነው። ይህ መቀዛቀዝ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የአምራቾችና የባለ አክሲዮኖች ሥጋት ሆኖ ነው። ለሠራተኞቻቸው ስልክ የሚገዙ ድርጅቶችንም ግን በቀጥታ ይመለከታል፤ ከመቀዛቀዙ ዐበይት መንሥኤዎች አንዱ ሰዎች በእጃቸው ያለውን ስልክ ከቀድሞው ለረዘመ ጊዜ ይዘው መቆየታቸው ነውና።

የአፕል ኩባንያ ገጠመኝ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን ፍጥነት በሶፍትዌር እንደሚቀንስ ካመነ በኋላ የባትሪ መቀየሪያ ክፍያን ከ79 ወደ 29 ዶላር ዝቅ አደረገ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 2019፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቲም ኩክ ለባለ አክሲዮኖች በጻፉት ደብዳቤ የሩብ ዓመቱን የገቢ ግምት ከ89 እስከ 93 ቢሊዮን ዶላር ከነበረው ወደ 84 ቢሊዮን ዶላር አወረዱት። በደብዳቤው ትልቁን ድርሻ የያዘው የቻይና ገበያ መዳከም ነበር። ከተዘረዘሩት ሌሎች ምክንያቶች አንዱ ግን ደንበኞች በቅናሽ ዋጋ ባትሪ መቀየራቸው ነው። የ29 ዶላር ጥገና የመቶዎች ዶላር ግዥን ማዘግየት ከቻለ፣ ቀሪው የስልኩ አካል ገና አላረጀም ነበር ማለት ነው።

በእርግጥም ኢሜይል ለመላክ፣ የመስክ ቅጽ ለመሙላት ወይም ክፍያ ለመቀበል የአምስት ዓመት ዕድሜ ያለው መካከለኛ ስልክ አቅም አይጎድለውም። ቀድመው የሚደክሙት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ባትሪው ሲሆን ይህ ሊቀየር ይችላል። ሁለተኛውና ይበልጥ አሳሳቢው የደኅንነት ማሻሻያ ነው። አምራቹ ማሻሻያ መላክ ሲያቆም ስልኩ እንደ ወትሮው ይደውላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ መተግበሪያዎችንም ይከፍታል። ከዚያ ዕለት በኋላ የሚገኙት የሶፍትዌር ክፍተቶች ግን ሳይደፈኑ ይቀራሉ፤ ተጠቃሚው ደግሞ ይህን የሚያይበት ምልክት እምብዛም የለውም።

አምራቾች ሽያጭ ሲቀንስባቸው የማሻሻያውን ዘመን ራሱን መወዳደሪያ አድርገውታል። ጉግል በ2023 ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግ በ2024 ለጋላክሲ ኤስ24 የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብም የአንድ ሞዴል ሽያጭ ካበቃ በኋላ ማሻሻያ ቢያንስ ለ5 ዓመት፣ ዋና ዋና መለዋወጫዎች ደግሞ ለ7 ዓመት እንዲቀርቡ፣ ባትሪውም ከ800 የሙሌት ዑደት በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙን ይዞ እንዲገኝ ይጠይቃል። በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡ ሞዴሎች ግን፣ በተለይ ከአውሮፓ ውጭ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት የማሻሻያ ዘመን አጭር ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ ተጨማሪ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 መጨረሻ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አገር ውስጥ የሚገጣጠሙ ስልኮች እንኳ ክፍሎቻቸው የሚገቡት በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ፣ ስልክ ቶሎ ቶሎ የሚቀይር ድርጅት ወጪው የምንዛሪውን ለውጥ ተከትሎ ይንራል። ያም ሆኖ ለግዥ መመዘኛ ሲዘጋጅ የማስታወሻ መጠንና የካሜራ ጥራት በቀላሉ ይጻፋሉ፤ ማሻሻያው የሚያበቃበት ዓመት ግን ይዘነጋል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አምራቾች የማሻሻያውን ዘመን የሚቆጥሩት በአብዛኛው ሞዴሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ከቀረበበት ቀን እንጂ ድርጅቱ ከገዛበት ቀን አይደለም። ለምሳሌ ያህል፣ 24,000 ብር የሚሸጥ፣ የ4 ዓመት ማሻሻያ ያለውና ለገበያ ከቀረበ 2 ዓመት ያለፈው ስልክ አለ እንበል። የቀረው አስተማማኝ ዘመን 2 ዓመት ብቻ ስለሆነ የአንድ ዓመት አገልግሎቱ 12,000 ብር ያስወጣል። ሌላው በ40,000 ብር የሚሸጥ፣ በቅርቡ የወጣና የ7 ዓመት ማሻሻያ ያለው ይሁን። ድርጅቱ 5 ዓመት ብቻ ቢጠቀምበትና መሐል ላይ በ4,000 ብር ባትሪ ቢቀይርለት የዓመቱ ወጪ 8,800 ብር ይሆናል። በጨረታ ርካሽ የመሰለው በአገልግሎት ዘመን ሲካፈል ውድ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ስልኩ እስከዚያ ድረስ በሠራተኛው እጅ ከቆየ ነው። የመስክ ሠራተኛ ስልክ ይወድቃል፣ ውኃ ይገባዋል፣ ይሰረቃልም። አብዛኞቹ ስልኮች በ2 ዓመት ውስጥ የሚጠፉ ወይም የሚሰበሩ ከሆነ ውዱ ስልክ በዓመት 20,000 ብር ያስወጣል፤ ምርጫውም ይገለበጣል። ስለዚህ ከማንኛውም የቴክኒክ መግለጫ በፊት መታየት ያለበት የድርጅቱ የራሱ የንብረት መዝገብ ነው፦ ስንት ስልክ ተሰጠ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ ስንቱስ በምን ምክንያት ተበላሸ? በሥልጣን ደረጃ የሚደለደል ስልክም ከዚህ አንጻር ሊፈተሽ ይገባዋል። ውዱና ለብዙ ዓመት ማሻሻያ የሚያገኘው ለኃላፊው፣ ዘመኑ ሊያበቃ የተቃረበው ደግሞ የደንበኞችን መታወቂያ ፎቶ ለሚያነሣው ወኪል ከተሰጠ፣ አደጋው ባለበት ቦታ ጥበቃው የለም።

አንዳንድ ድርጅቶች ወጪውን ለማስቀረት ሠራተኛው በግል ስልኩ እንዲሠራ ያደርጋሉ። የገበያው መቀዛቀዝ ይህን አማራጭ የሚፈትነው በሌላ በኩል ነው። ሰዎች ስልካቸውን ረዘም ላለ ጊዜ ሲይዙ፣ በግል ኪስ ውስጥ ሆኖ ወደ ድርጅቱ መረጃ የሚገባው ስልክ ማሻሻያው ያበቃ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ወጪውም ወደ ሠራተኛው ዞረ እንጂ አልጠፋም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2014 በሰጠው ውሳኔ፣ ሠራተኞች በግል ስልካቸው ለሥራ እንዲደውሉ የሚያስገድድ ቀጣሪ፣ ጥሪው በሠራተኛው ላይ ተጨማሪ ክፍያ ባያስከትልም እንኳ፣ ከሒሳቡ ተገቢውን ድርሻ እንዲከፍል ወስኗል።

የግል ስልክ መጠቀም ግድ ከሆነ ቢያንስ የሥራው መረጃ ከግሉ መለየት ይኖርበታል። ከአንድሮይድ 5.0 ጀምሮ ያለው የሥራ መገለጫ ይህን ያስችላል፤ ሠራተኛው ሲለቅ ድርጅቱ የሥራውን ክፍል ብቻ ከርቀት ያጠፋል፣ የቤተሰብ ፎቶውም ሳይነካ ይቀራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለተወሰነ ዓላማና በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ሙሉ ስልኩን የሚቆጣጠር መተግበሪያ በሠራተኛው ንብረት ላይ መጫን ቀጣሪውን ለጥያቄ ያጋልጠዋል። ድርጅቱ ምን ማየት፣ ምንስ ማጥፋት እንደሚችል የሚገልጽ ስምምነት መፈረም ያለበትም መተግበሪያው ከመጫኑ በፊት ነው።