ፋይሉ አለ ወይ? ከማንበባችን በፊት እንጠይቅ

በዚህ እትም ስለ አንድ ትንሽ ስህተት እንነግራችኋለን።

በኮምፒውተር ክፍላችን የተማሪዎችን ውጤት የሚደምር አጭር የፓይተን ፕሮግራም አለን። ውጤቱ ያለው ፍላሽ ላይ ነው። አንድ ቀን ፍላሹን ሳንሰካ ፕሮግራሙን አስነሳነው። ፋይሉን ሲያጣ ዝም ብሎ ለሁሉም ዜሮ አወጣ። ዝርዝሩን ልንለጥፍ ስንል አንዲት ተማሪ አየችና «ቲቸር፣ እኔ እኮ ተፈትኛለሁ!» አለችን።

ጥፋቱ የኛ ነበር። «ፋይሉ የለም» እና «ፋይሉ ባዶ ነው» ለየቅል ናቸው። መዝገቡ ቢሮ ስለተቆለፈበት ብቻ «ተማሪ የለም» አይባልም። እኛ ግን ፕሮግራሙን እንደዚያ እንዲል አድርገን ነበር የጻፍነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. እንጠይቅ። በፓይተን «ኤግዚስትስ» የሚባለው ትእዛዝ የተባለው ነገር መኖሩን ይነግረናል። ነገር ግን በዚያ ስም ፎልደር ቢያገኝም «አለ» ይላል። ፋይል መሆኑን ለማረጋገጥ «ኢዝፋይል» ይሻላል።

2. ከሌለ ፕሮግራሙ ይቁም። የፈለገውን ፋይል ስምና ያለበትን ፎልደር ጽፎ ያሳየን።

3. መጠኑንም እንይ። ፋይሉ ኖሮ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል።

4. ከጠየቅን በኋላም ቢሆን ፍላሹ ሊነቀል ይችላል። ስለዚህ የሚከፍተውን መስመር «ትራይ» እና «ኤክሰፕት» ውስጥ እናስገባው።

5. መኖሩን ለማየት ብለን በመጻፊያው በ«ደብሊው» አንክፈተው። ፋይሉ ካለ የነበረውን ሁሉ ወዲያው ያጠፋዋል፤ ከሌለ ደግሞ ባዶ ፋይል ይፈጥራል።

አንዳንዴ ፋይሉ ዓይናችን እያየው ፕሮግራሙ «የለም» ይላል። ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚለይ ስሙ በትክክል መጻፍ አለበት። ዊንዶውስ ደግሞ የፋይሉን ስም መጨረሻ ሊደብቅብን ይችላል። ፕሮግራሙ ከሌላ ፎልደር ተነስቶም ሊሆን ይችላል።

እስቲ ዛሬ ሞክሩት፦ መጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ አስቀምጡ፤ ከዚያ ፍላሹን ነቅላችሁ ፕሮግራማችሁን አስነሱ። «ፋይሉን አላገኘሁም» ካለ ጥሩ ነው። ዜሮ ከሰጣችሁ ግን ሳትለጥፉ አርሙት። ተማሪው የለፋበት ውጤት ነውና።