ያውቁ ኖሯል? የ4 ዓመት ሕፃን የተማረው እስከ 40 ዓመቱ ይከተለዋል
በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ይፕሲላንቲ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ 123 የድሃ ቤተሰብ ሕፃናት በሁለት ቡድን ተመደቡ። 58ቱ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ገቡ፤ መምህራኑም በየሳምንቱ ቤታቸው ድረስ እየሄዱ እናቶችን ያነጋግሩ ነበር። 40 ዓመት ሲሞላቸው ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቁት ቅድመ መደበኛ ከተማሩት 77፣ ካልተማሩት 60 በመቶ ሆኑ። 5 ጊዜና ከዚያ በላይ የታሰሩትስ? ከተማሩት 36፣ ካልተማሩት 55 በመቶ።

እንዲህ ያለ ዕድል የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት እኛም ዘንድ አሉ። ጋምቤላ ከተማ አጠገብ ያለው የጀዊ መጠለያ በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው፣ የቀድሞ መጠለያቸውን ሌችዎርን ጎርፍ ላጥለቀለቀባቸው የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ነው። ያን ዓመት እዚያ የተወለደ ልጅ 10 ዓመት አልፎታል። ለታናናሾቹ ግን የቅድመ መደበኛ ትምህርት ጊዜው አላለፈም፤ በቋንቋቸው በኑዌርኛ የሚዘምሩበትና የሚጫወቱበት ክፍል ዛሬውኑ ይድረሳቸው!