ባሩድን የሚያጋልጠው ቅመም

ከገበያ የተገዛ ቅቤ ሁሉ ቅቤ ነው። ከነጠረ በኋላ ግን እናቶች አንዴ አሽትተው የማን ቤት ቅቤ እንደሆነ ይለያሉ፤ የሚናገረው ኮሰረቱና ኮረሪማው ነው። ባሩድም የሚመረመረው እንዲሁ በቅመሙ ነው።

አድዋ ላይ የተተኮሰው ውጅግራ የሚጎርሰው ጥቁር ባሩድ ነበር። የዛሬው ጥይት ቀለህ ውስጥ ያለው ጭስ አልባ ባሩድ ግን ዋና ነገሩ ናይትሮሴሉሎስ ነው። ናይትሮሴሉሎስ ተቀምጦም አያርፍም፤ ቀስ እያለ ይፈርሳል፣ ሲፈርስ የሚለቀው ጋዝ ደግሞ መፍረሱን ያባብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1911 ቱሎን ወደብ ላይ ሊቤርቴ የተባለችው የፈረንሳይ የጦር መርከብ ፈንድታ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ያለቀው ባሩዷ እንዲህ ተበላሽቶ ነው። ስለዚህ ፋብሪካዎች ዳይፈኒላሚን ወይም ኢቲል ሴንትራላይት ይጨምሩበታል። ጋዙን እየያዘ ባሩዱን ያቆየዋል፤ ኮሰረት ቅቤውን እንደሚያቆየው።

ሲተኮስ ባሩዱ ሁሉ ነዶ አያልቅም። ትርፍራፊው በተኳሹ እጅና እጅጌ፣ በቅርብ በተመታው ሰው ልብስ ላይ ያርፋል። መርማሪው ያንን ጠርጎ ያሟሟዋል፤ የላቦራቶሪው መሣሪያ ቅመሞቹን አንድ በአንድ ለይቶ ክብደታቸውን ይለካል። ዳይፈኒላሚን ብቻውን ከሌላ ቦታም ሊመጣ ይችላል። ጋዙን ይዞ የተለወጠው ዘሩ አብሮት ሲገኝ ግን ምስክርነቱ ይጠነክራል።

ድሮ የተጠርጣሪው እጅ በቀለጠ ሰም ይሸፈን ነበር። ሰሙ ከተላጠ በኋላ በሰልፈሪክ አሲድ የተሟሟ ዳይፈኒላሚን ይንጠባጠብበታል፤ ሰማያዊ ነጥብ ካወጣ «ተኩሷል» ይባላል። ነጥቡ ግን ከትምባሆም፣ ከሽንትም፣ ናይትሬት ካለበት ማዳበሪያም ይወጣል። በቆሎው ላይ እንዲህ ያለ ማዳበሪያ ሲበትን የዋለ ገበሬ በዚያ ምርመራ ነፍሰ ገዳይ ሊመስል ይችል ነበር። እኔን ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። አዲሱ ምርመራም ቢሆን እጁ ባሩድ መንካቱን እንጂ ቃታውን ማን እንደሳበ አይናገርም፤ አጠገብ የቆመ ሰውም ብናኙ ያርፍበታል። ዳኛ ፊት ይህ ልዩነት መነገር አለበት።

ለቤተሰብ አንድ አደራ አለኝ። የተመታ ሰው ልብስ እጃችሁ ከገባ፣ ደሙ ቢያሳቅቃችሁም አትጠቡት፣ አታራግፉት። ጥላ ላይ ይድረቅ፣ በፌስታል ሳይሆን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ ለፖሊስ አስረክቡ።