«ተበላሸ» ስለማይበቃበት ጉዳይ፦ የሃርድ ዲስክ ብልሽት የሚለይባቸውና ዳታ የሚወጣባቸው ቃላት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከኮምፒዩተር ጋር ከውጭ በሚሰካው ሃርድ ዲስክ ላይ የሚደርሰውን ብልሽት ለመለየትና በውስጡ የተቀመጠውን ዳታ ለማውጣት የሚያገለግሉትን ሙያዊ ቃላት በአማርኛ እንዴት ልንሰይማቸው እንደሚገባ ማስረዳት ነው። ጉዳዩ ለቴክኒሻን እንጂ ለቋንቋ ባለሙያ የሚቀርብ አይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ በመስክ የተቀዳ ድምፅ፣ የቃላት ስብስብ፣ የብራና ፎቶግራፍና የትርጉም ረቂቅ ዛሬ በአብዛኛው የሚኖሩት ከኪስ ደብተር በማይበልጠው በዚህ ዕቃ ውስጥ ነው። ዕቃው ሲታወክ ባለቤቱ የሚወስደው የመጀመሪያ ርምጃ በስክሪኑ ላይ ባነበበው ወይም ከባልደረባው በሰማው ቃል ይወሰናል። ቃሉ የተሳሳተ እንደሆነ ርምጃውም ይሳሳታል፤ ከርምጃዎቹም አንዳንዶቹ ሊመለሱ የማይችሉ ናቸው።

በአማርኛ ወጥም ይበላሻል፣ መኪናም ይበላሻል፣ ጠባይም ይበላሻል። የቃሉ ስፋት ለዕለት ንግግር ጸጋ ሲሆን ለሙያ ግን ጉድለት ነው። ምክንያቱም «ሃርድ ዲስኬ ተበላሸ» የሚል ሰው ከሦስት የተለያዩ ነገሮች አንዱን እየነገረን ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ገመዱ፣ መሰኪያው ወይም የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ኀይል የታወከ እንደሆነ ነው። ይህን የግንኙነት እክል ልንለው እንችላለን። ሁለተኛው፣ መሣሪያው ደኅና ሆኖ የትኛው ፋይል የት እንደተቀመጠ የሚያመለክተው መዝገብ የተምታታ እንደሆነ ነው፤ ይህ የመዝገብ መዛባት ነው። ሦስተኛው የመሣሪያው የራሱ ጉዳት ነው። ለዚህ «የአካል ጉዳት» የሚል ስያሜ ያቀረቡ አሉ፤ ነገር ግን ሐረጉ ለሰው ልጅ የተያዘ ፍች ስላለው «የመሣሪያ ጉዳት» ብንል ይሻላል። የሦስቱ መድኀኒት አይገናኝም፤ እንዲያውም ለሁለተኛው የሚበጀው ሦስተኛውን ሊገድለው ይችላል።

ልዩነቱ እንዲገባን የመሣሪያውን አሠራር ባጭሩ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1956 አይ.ቢ.ኤም. ያቀረበው የመጀመሪያው የዲስክ ማከማቻ እያንዳንዳቸው 24 ኢንች ስፋት ያላቸው 50 ክብ ዝርጎች የያዘና 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ብቻ የሚያስቀምጥ ነበር። መሠረተ ሐሳቡ ዛሬም አልተለወጠም። መግነጢሳዊ ቅብ ያለው ዝርግ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ቴክኒሻኖች «ሄድ» የሚሉት አንባቢ ራስ ከገጹ በናኖሜትር በሚለካ ከፍታ ላይ፣ ሳይነካው፣ ይንሳፈፋል። ሄዱ ወርዶ ገጹን ሲነካ የሚደርሰውን ጥፋት «የጭንቅላት ግጭት» ብሎ መተርጐም ለአንባቢ የመኪና አደጋ እንጂ የዲስክ ጉዳት አያሳየውም፤ «የገጽ መቧጨር» ቢባል ግን የሆነውን ነገር ይናገራል። ገጹ በትናንሽ ክፍልፋዮች የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ በቀድሞዎቹ ዲስኮች 512፣ በአዳዲሶቹ 4096 ባይት ይይዛል። ይህን ክፍልፋይ «ዘርፍ» ያሉ ተርጓሚዎች «መጥፎ ዘርፎች ተገኝተዋል» የሚል ዐረፍተ ነገር አበርክተውልናል፤ ይህም ከኢኮኖሚ ሪፖርት የተቀነጨበ ይመስላል። በበኩሌ «ሴክተር» የሚለው ውሰት እንዳለ ቢቀርና «መጥፎ» በ«የማይነበብ» ቢተካ እመርጣለሁ። ሴክተሩ ጠባይ የለውምና።

ብልሽቱን መለየት የሚጀመረው በጆሮ ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ከሌሎች ቋንቋዎች የሚበደረው የለም፤ የድምፅ አስመሳይ ቃላቱ ሀብታም ናቸውና። ዲስኩ በእኩል ምት ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ሄዱ መንገዱን እየፈለገ ማግኘት አቅቶት እየተመላለሰ ነው፤ ብዙ ጊዜ የመሣሪያ ጉዳት ነው። ቀጠን ባለ ድምፅ ጢጥ ጢጥ ካለ ሞተሩ ለመዞር ሞክሮ አልቻለም፤ ወይ ሄዱ ገጹ ላይ ተጣብቋል፣ ወይ ኀይሉ አንሶታል። ፍጹም ጸጥ ካለ ደግሞ ኀይል ጭራሽ እንዳልደረሰው ወይም የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው እንደተጎዳ እንገምታለን። አንድ የአጠቃቀም መመሪያ እነዚህን ድምፆች «ያልተለመደ ጫጫታ» በሚል አንድ ሐረግ ጠቅልሎ ከተረጐማቸው የምርመራውን ግማሽ ጥሎታል። ቀጭ ቀጭታን የሰማ ሰው ማድረግ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዲስኩን ማጥፋት። ደጋግሞ ማስነሣት ጉዳቱን ያሰፋዋል። በማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር የሚለው ምክርም ጤዛ ያመጣል እንጂ ፈውስ የለውም፤ ክዳኑንም በተራ ክፍል ውስጥ መክፈት ብናኝ በሄዱና በገጹ መካከል እንዲገባ ማድረግ ነው።

ድምፁ ደኅና ከሆነ ወደ ግንኙነቱ እንሄዳለን። ትናንሾቹ ዲስኮች ኀይል የሚያገኙት ከኮምፒዩተሩ በዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ ነው፤ የቀድሞው ዩ.ኤስ.ቢ. 2 መሰኪያ በደንቡ 500፣ ዩ.ኤስ.ቢ. 3 ደግሞ 900 ሚሊአምፔር ይሰጣል። ስለዚህ ማከፋፈያውን አውጥቶ በቀጥታ መሰካት፣ ገመዱን መለወጥ፣ በሌላ ኮምፒዩተር መሞከር ቀዳሚ ርምጃዎች ናቸው። ሳጥኑን ፈትቶ ዲስኩን ብቻውን መሰካትም አንዳንድ ጊዜ ይረዳል፤ ነገር ግን በሳጥኑ ሰሌዳ አማካይነት ዳታውን የሚመሰጥሩ ሞዴሎች ስላሉ ዲስኩ ተነጥሎ ሲነበብ ፍች አልባ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ዲስኩ ስለራሱ የሚይዘው ማስታወሻ ነው። ስሙ «ስማርት» ይባላል፤ ይህንንም «ብልህ» ብለው የተረጐሙት አልታጡም። ቃሉ ግን የምኅጻረ ቃል አጋጣሚ ነው፤ ሲፈታ ራስን የመከታተል፣ የመተንተንና የማስታወቅ ቴክኖሎጂ ማለት ነው። «የዲስክ ራስ ክትትል» ይበቃዋል። ከቁጥሮቹ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅሙት አራት ናቸው። ተራ ቁጥር 5 ዲስኩ ትቷቸው በመጠባበቂያ የተካቸውን ሴክተሮች ይቈጥራል፤ 197 ማንበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠባበቁትን፣ 198 በፍተሻ ጊዜ ሊነበቡ ያልቻሉትን ያሳያሉ። 199 ግን ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ በዲስኩና በሰሌዳው መካከል በሚደረገው ቅብብል የተከሠተውን ስሕተት ስለሚቈጥር ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ማገናኛው እንጂ ገጹ አይደለም። ሦስቱን «ጉዳት» ብሎ አራተኛውንም «ጉዳት» ማለት ጤነኛ ዲስክ ማስጣል ይሆናል። አንዳንድ የዩ.ኤስ.ቢ. ሳጥኖች ይህን ማስታወሻ ጭራሽ እንደማያሳልፉም መታወቅ አለበት። ንጹሕ ማስታወሻም ዋስትና አይደለም፤ ጉግል ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ ከወደቁት ዲስኮች ከ56 በመቶ የሚበልጡት በአራቱ ጠንካራ ጠቋሚዎች ላይ አንዳችም ምልክት አላሳዩም ነበር።

አሁን ወደ አደገኛው ቃል ደርሰናል። መዝገቡ የተዛባ ዲስክ በዊንዶውስ ላይ ሲሰካ፣ ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ላድርገው ወይ? የሚል መልእክት ይወጣል። «ፎርማት»ን «ቅርጸት መስጠት» ወይም «ማዘጋጀት» ብለን ከተረጐምነው መልእክቱ የአገልግሎት ግብዣ ይመስላል፤ ማዘጋጀት የሚጠላ ማን ነው? ግብዣው ግን የቆየውን መዝገብ ጥሎ ባዶ መዝገብ ማስቀመጥ ነው። ለዚህ የሚሆነውን ልዩነት የብራና ጸሐፊዎች ቋንቋ ቀድሞ አዘጋጅቶልናል። የተሰረዘ ቃል ሰረዝ ተጋድሞበት ከሥሩ ይነበባል፤ የተፋቀ ቃል ግን በቢላ ተነሥቷል፤ በላዩም ሌላ ተጽፎበት ይሆናል። በሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ስናስወግድ ብዙ ጊዜ የምናደርገው መሰረዝ ብቻ ነው፦ ከመዝገቡ ይወጣል፣ አካሉ በቦታው ይቈያል። የሚፋቀው አዲስ ነገር ሲጻፍበት ነው። ፈጣኑ ፎርማት መዝገቡን ይተካል፤ ሙሉው ፎርማት ግን በዊንዶውስ ከቪስታ ወዲህ ገጹን ሁሉ በዜሮ ስለሚሞላው በትክክል ፍቀት ነው። ስለዚህ ፊተኛውን «መዝገብ መተካት»፣ ሁለተኛውን «ሙሉ ፍቀት» ብንላቸው ተጠቃሚው የሚፈርምበትን ያውቃል። (ተሽከርካሪ ክፍል የሌለው ኤስ.ኤስ.ዲ. ብዙ ጊዜ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳ ይህ ልዩነት በእርሱ ላይ ያን ያህል አይሠራም።)

እንደዚሁም «ቼክ ዲስክ» የሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ «ዲስኩን ጠግን» ተብሎ መተርጐም የለበትም። የሚያርመው መዝገቡን ነው፤ ለማረምም በዲስኩ ላይ ይጽፋል። ገጹ በተጎዳ ዲስክ ላይ ይህን ማስኬድ ሕመምተኛን ማስሮጥ ነው፤ የቀረውንም የመዝገብ ፈለግ ሊደመስሰው ይችላል። «መዝገቡን አርም» ቢባል ግን አንባቢው መሣሪያው ይድናል ብሎ አይጠብቅም።

ትክክለኛው ሥርዓት አስቀድሞ መገልበጥ፣ ከዚያ በግልባጩ ላይ ማረም ነው። የዲስኩን ይዘት ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው ሳይመርጡ በመገልበጥ የሚገኘውን ውጤት በቀጥታ «የዲስክ ምስል» ማለት ተለምዷል፤ አንባቢውም ፎቶግራፍ ይመስለዋል። «ሙሉ ግልባጭ» ይበቃል። ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት ነጻ ፕሮግራሞች አንዱ ዲ.ዲ.ሬስኪው ነው። አካሄዱ አስተዋይ ገልባጭ ያረጀ መጽሐፍ ሲያጋጥመው እንደሚያደርገው ነው፤ በቀላሉ የሚገለጡትን ቅጠሎች አስቀድሞ ይገለብጣል፣ የተጣበቁትን አልፎ ይሄዳል፣ ያለፋቸውንም በካርታ ይመዘግባል፤ የተረፈው ጊዜና የዲስኩ ዕድሜ የሚውለው ወደ እነርሱ ተመልሶ በትዕግሥት ለመሞከር ነው። ግልባጩ የሚያርፍበት ዲስክ ከመጀመሪያው የማያንስ መሆን አለበት። የሚገኘውን ፋይል መልሶ በታመመው ዲስክ ላይ ማስቀመጥ በገዛ እጅ መፋቅ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ስም ለመጥራት «ማገገም»፣ «መጠገን»፣ «መመለስ»ና «ማውጣት» ቀርበዋል። የሚያገግመው ሕመምተኛው ራሱ ነው፤ እዚህ ግን ዲስኩ አያገግምም፣ ዳታውም አልታመመም። «መመለስ» ለተሰረዘ ፋይል ይስማማል፤ ከነበረበት ወጥቷልና። ከሚሞት መሣሪያ ውስጥ ለሚደረገው ሥራ ግን «ዳታ ማውጣት» ይሻላል፤ ከሚቃጠል ቤት ዕቃ እንደሚወጣ ሁሉ ቤቱ ይተርፋል የሚል ተስፋ አይሰጥምና። («ዳታ»ን በ«ውሂብ» መተካት ለሚወዱ ተቃውሞ የለኝም፤ ከግእዙ ወሀበ የወጣ ትክክለኛ ቃል ነው። «መረጃ» ግን ሰፊ ስለሆነ እዚህ አያገለግልም።)

መዝገቡ ጨርሶ ሲጠፋ የሚቀረው መንገድ በግልባጩ ውስጥ እያንዳንዱ የፋይል ዓይነት የሚጀምርበትን ምልክት እየተከተሉ ፋይሎቹን መለየት ነው። ይህንን «መቅረጽ» ማለት ከድምፅ ቀረጻ ጋር ያጋጨዋል፤ «በምልክት መልቀም» ልለው እወዳለሁ። ፎቶሬክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም በዚህ መንገድ ይሠራል። የተለቀመው ፋይል ግን ስሙንና ፎልደሩን አጥቶ፣ በቁጥር ብቻ ተሰይሞ ይወጣል። ለሠርግ ፎቶግራፍ ይህ ብዙ አይጎዳም። ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ቦታውና ቀኑ በፎልደር ስም ብቻ ለተጻፈለት የመስክ ድምፅ ግን የወጣው ፋይል ቋንቋው እንጂ ባለቤቱ የማይታወቅ ይሆናል። በቴፕ ዘመን የነበሩ ቀራጾች የተናጋሪውን ስም፣ ቀበሌውንና ዕለቱን በድምፃቸው ተናግረው ቀረጻቸውን ይጀምሩ ነበር፤ ያ ልማድ መዝገብ ቢጠፋም ከድምፁ ጋር አብሮ ይለቀማል።