የጤና ተቋማት ንዑስ የድረ ገጽ አድራሻዎች፦ አከፋፈትና አያያዝ

አንድ ሆስፒታል ድረ ገጽ ሲኖረው የክትባት ማስታወቂያው፣ የሠራተኞች ሥልጠናው፣ የሪፈር ቅጹና የጨረታ ማስታወቂያው ቀስ በቀስ በአንድ ገጽ ላይ ይደራረባሉ። ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው ሰብዶሜይን የሚባለው ንዑስ አድራሻ ነው። አከፋፈቱ ቀላል ነው፤ አያያዙ ግን እምብዛም ትኩረት አይሰጠውም። ችግሩም የሚመጣው ከዚያ ነው።

የድረ ገጽ አድራሻ የሥልጣን ተዋረዱ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲን አድራሻ፣ ዲቲዩ ነጥብ ኢዲዩ ነጥብ ኢቲን እንመልከት። የመጨረሻው «ኢቲ» እ.ኤ.አ. በ1995 ለኢትዮጵያ የተሰጠ የአገር መለያ ነው። «ኢዲዩ» የትምህርት ተቋማትን ያመለክታል፤ «ዲቲዩ» ደግሞ ዩኒቨርሲቲውን። ከዚህ በስተግራ የሚጨመር ማንኛውም ስም የዩኒቨርሲቲው የራሱ ጉዳይ ነው፤ የሌላ አካል ፈቃድም ሆነ አዲስ የስም ክፍያ አይጠይቅም። ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 የነደፈው የስም ሥርዓት መሠረቱ ይኸው ውክልና ነው። ከዚያ በፊት የኮምፒውተሮች ስም ሁሉ በአንድ ማዕከል በሚጠበቅ አንድ ፋይል ላይ ይሰፍር ነበር። ከክልል እስከ ዞን፣ ከወረዳ እስከ ቀበሌ ባለው መዋቅር ሪፖርት ለሚልክ የጤና ባለሙያ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

በእብናት የሚገኝ አንድ ሆስፒታል ለሥልጠና ክፍሉ ንዑስ አድራሻ ሊከፍት አሰበ እንበል። በሆስቲንግ መቆጣጠሪያው ላይ ሁለት ነገሮች ይከናወናሉ። አንደኛው ገጾቹ የሚቀመጡበት ማኅደር ነው፤ ሁለተኛው ስሙን ከሰርቨሩ ቁጥር ወይም ከሌላ አገልግሎት ስም ጋር የሚያገናኝ መዝገብ ነው። ማኅደሩ በዋናው ድረ ገጽ ማኅደር ውስጥ ከተቀመጠ ይዘቱ በዋናው አድራሻም በኩል ሊነበብ ስለሚችል ከውጭ ማስቀመጡ ይመረጣል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። የተለያየ ስም ያላቸው ገጾች የተለያየ ቤት ያላቸው ይመስላሉ። በአንድ የሆስቲንግ አካውንት ሥር ያሉ ንዑስ አድራሻዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚገቡት በአንድ በር ነው፤ በሥልጠናው ገጽ ባለ ያረጀ ፕሮግራም የገባ ሰው ወደ ሌሎቹም ማኅደሮች ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ የታካሚ መረጃ «ታካሚ» የሚል ንዑስ አድራሻ ስለተሰጠው ብቻ ተጠብቋል ማለት አይቻልም፤ ከሕዝብ ገጾች ጋር በአንድ አካውንት መቀመጥም የለበትም።

ስሙን ለማንም አለመንገርም መከላከያ አይሆንም። የግንኙነት ምስጢራዊነትን የሚያረጋግጠው የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ስሙ ማንም ሊያየው በሚችል የሕዝብ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በነጻ የሚሰጡት የምስክር ወረቀቶች የአገልግሎት ዘመን ደግሞ በአብዛኛው ከሦስት ወር ስለማይበልጥ እድሳታቸው በራሱ እንዲከናወን መደረግ አለበት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንደታየው፣ ሰርቨሩ ሌላ ቦታ እየሠራ ኃላፊው ሊደርስበት የማይችልበት ጊዜ ይኖራል።

ከሁሉ የከፋው የተረሳው አድራሻ ነው። ሥልጠናው በአንድ የውጭ አገልግሎት ላይ ተዘጋጅቶ፣ ፕሮጀክቱ አልቆ ክፍያው ተቋረጠ እንበል። ስሙን ከዚያ አገልግሎት ጋር ያገናኘው መዝገብ ካልተሰረዘ፣ አንዳንድ አገልግሎቶች የተለቀቀውን ቦታ ሌላ ሰው እንዲይዘው ስለሚፈቅዱ፣ ያ ሰው በሆስፒታሉ ስም የፈለገውን ገጽ ሊያወጣ ይችላል። የመግቢያ ቅጽ አስመስሎ ቢያቀርብ የጤና መረጃ ባለሙያው ለዲኤችአይኤስ 2 የሚጠቀምበትን የይለፍ ቃል በእጁ አሳልፎ ይሰጠዋል፤ የሐሰት የመድኃኒት ማስታወቂያ ቢለጥፍም ታካሚው የሚያምነው የሆስፒታሉን ስም አይቶ ነው። አድራሻው ትክክለኛ ስለሆነ «ስሙን አጣሩ» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ አይረዳም።

ይህ እንዳይደርስ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን አንድ የመዝገብ ደብተር ነው፤ ስሙ፣ የሚያመለክትበት ቦታ፣ የተከፈተበት ቀን፣ ኃላፊው ክፍልና የሚዘጋበት ጊዜ ይጻፍበታል። ኃላፊው የሥራ ክፍል እንጂ ግለሰብ ባይሆን ይሻላል። በገጠር ሆስፒታሎች ባለሙያ ቶሎ ቶሎ ይዛወራል፤ አካውንቱ በግል ኢሜይሉ ከተከፈተ ቁልፉም አብሮት ይሄዳል።

በአዘጋግ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ በቅድሚያ የሚሰረዘው የስም መዝገቡ ነው። የቀድሞው መልስ በሌሎች ሰርቨሮች ትውስታ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል፤ በሲፓነል የተለመደው መጠን 14,400 ሰከንድ ወይም 4 ሰዓት ነው። አገልግሎቱ የሚለቀቀው ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።