ትከሻ ላይ የቀረው እጅ

የአባቴን ፎቶ ቤት ከተረከብኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራዬ ግማሹ ጉርድ ፎቶ ማንሳት፣ ግማሹ የተቀደደና የደበዘዘ ፎቶ ማደስ ነው። ከሚታደሱት መካከል ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ዓይነት አለ። ሁለት ወጣቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው ሊዘምት ነው፤ የጓደኛው እጅ ትከሻው ላይ አርፏል።

ይዘውት የሚመጡት ቤተሰቦች የሚሉኝ አንድ ነው፦ «እሱን ብቻ አውጣልን።» ሟቹ ሌላ ፎቶ አልነበረውም፤ ለሙት ዓመቱ ወይም ለግድግዳ ይፈልጉታል። ጓደኛውን ቆርጦ ማስቀረት ቀላል ነው። የሚያስቸግረው እጁ ነው፤ ትከሻው ላይ አራት ጣት ይቀራል። ከጎኑ ካለው ጨርቅ ቀድቼ እደርብበታለሁ፤ አሥር ደቂቃም አይፈጅ። ስንት እጅ እንዲህ እንዳጠፋሁ ቁጥሩን አላውቀውም። አሁን ግን አላጠፋም።

አንድ ጊዜ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ፎቶ መጥቶልኝ ነበር፤ ጀርባው ላይ «መጋቢት 1943» ይላል። የመጀመሪያው ቃኘው በሚያዝያ 1943 ጅቡቲ ላይ መርከብ ተሳፍሮ ኮሪያ የደረሰው ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። በኮሪያው ጦርነት 121 ኢትዮጵያውያን ሞተዋል፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። ፎቶው ዛሬም ጥርት ያለ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ፎቶ የተሠራው ከብር ስለሆነ ጊዜን ይችላል። ከ1990 እስከ 1992 ወደ ባድመና ወደ ጾረና የሄዱት ልጆች የተነሱት ግን በቀለም ነው፤ ቀለም ደግሞ ይሸሻል። የብዙዎቹ ፊት ከኮሪያ ዘማቾቹ ቀድሞ እየጠፋ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ ቤታችሁ ካለ ለነገ አትበሉ። ከመስተዋቱ ጋር ከተጣበቀም አትላቅቁት፤ ፊቱ ተልጦ መስተዋቱ ላይ ይቀራል። ከነፍሬሙ አምጡት።

ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ሰሞን አንድ አዛውንት መጡ። ከደረት ኪሳቸው አሮጌ ፖስታ፣ ከፖስታው ፎቶ አወጡ። በግራ የቆመው ልጅ አዲስ የሚሊሺያ ልብስ ለብሷል፤ እጅጌው ረዝሞበት ታጥፏል። በሚያዝያ 1969 የእናት አገር ጥሪ ታውጆ ታጠቅ ጦር ሰፈር ከሠለጠኑት አንዱ ነው።

«የእህቱ ልጆች ናቸው የላኩኝ። እሱን ለይተህ አሳድገው» አሉኝ።

«በቀኝ በኩል ያለውስ ማን ነው፣ አባባ?»

«እኔ ነኛ።»

ወንበር ሰጠኋቸው። ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው ፈቃድ አግኝቶ መጥቶ ነው የተነሱት። «እናቱን ለመስቀል እመጣለሁ አላት» አሉኝ። «ለእኔ እንደዚያ አላለኝም። ለባለሱቁ ሰባት ብር ከሃምሳ አለብኝ፣ ክፈልልኝ አለኝ። የእናቴ ቤት በማጀቱ በኩል ያፈሳል፤ ክረምቱ ሳይከብድ ቆርቆሮ አስመታላት አለኝ። ይኸው ነው።»

እናቱን የሚሰናበት ወታደር ስለ መመለሱ ይናገራል። ስለ አለመመለሱ የሚያወራው ከጓደኛው ጋር ነው፤ ያንንም በዕዳና በቆርቆሮ በኩል፣ ሞት የሚል ቃል ሳያነሳ። በእነዚህ ፎቶዎች ላይ ከሁለቱ ፊት የሚከብደው አብዛኛውን ጊዜ የቀሪው ነው። ድሮ ካሜራ ፈርቶ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዘማቹ አደራውን ሰጥቶ ቀለል ብሎታል፤ ቀሪው ገና መሸከሙ ነው።

ጅጅጋ በመስከረም 1970 በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ የካራማራ ድል የተገኘው የካቲት 26 ቀን 1970 ነው። ልጁ የወደቀው በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል፣ በዚያው ግንባር ነው። መርዶው እናቱ ቤት ሲገባ ጣሪያው አያፈስም ነበር። ዕዳውም ተከፍሏል። አዛውንቱ ይህን የነገሩኝ ድምፃቸው ሳይለወጥ፣ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ነው።

ፎቶውን ስካን አድርጌ በስክሪኑ ከፈትኩት። ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። የእሳቸውን ግማሽ ቆረጥኩ፤ ጣቶቹ ቀሩ።

«እሱም ይጠፋል?»

«ይጠፋል።»

ዝም አሉ። ለመሥራት አጎላሁት፤ ያኔ ነው ያየሁት። ከሩቅ ሲታይ ትከሻው ላይ ያረፈ የሚመስለው እጅ አላረፈም፤ ጨርቁን ጨምድዶ ይዟል። ከጣቶቹ ሥር የተነሳው እጥፋት እስከ ደረት ኪሱ ወርዷል። ጣቶቹን ባጠፋ እጥፋቱ ይቀራል፤ እጥፋቱንም ላጥፋ ብል የልጁን ደረት እንደገና መሥራት ሊኖርብኝ ነው። ያ ደግሞ የእሱ ደረት አይሆንም።

«ፎቶ አንሺው እጅህን ላላ አድርገው ብሎኝ ነበር» አሉ።

እጁን ተውኩት። የእህቱ ልጆች ካልወደዱት በነፃ እንደምሠራላቸው ነግሬያቸው፣ አንዱን ከእነ ጣቶቹ፣ ሌላውን ሁለቱም እንዳሉበት አተምኩ።

ጀርባውንም ስካን ላድርገው ብዬ ስገለብጠው በእርሳስ የተጻፈ አገኘሁ፦ «ስመለስ ትሰጠኛለህ። ሰኔ 1969።» በአርባ ምናምን ዓመት ውስጥ ፍሬም ያልገባው፣ አልበም ያልተለጠፈው ለምን እንደሆነ ሳልጠይቃቸው ገባኝ።

ትልልቆቹን በጋዜጣ ጠቀለልኩላቸው። ዋናውን ወደ ፖስታው ሲመልሱት ጠርዙ እንደተበላ አይቼ አዲስ ፖስታ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

«በዚህ ነው የሰጠኝ» ብለው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ቁልፉን ቆለፉ።